የጨረቃ ቁፋሮ በፍሎሪዳ

አባቴ ከጎጃም ለጥየቃ ከመጡ ሁለተኛ ወራቸው ነበር። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቁም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው የሚነጋገሩት በእኔ አስተርጓሚነት ነው። ግንቦት ላይ ሁለቱንም ይዤ ፍሎሪዳ፣ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ሄድኩ።

የወሰድኳቸው ለሮኬቶቹ ብዬ ነው። አባቴ ቀና ብለው አዩና «ትልቅ ነው» አሉ። በቃ። የቆምነው ሌላ ቦታ ነው።

ናሳ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጨረቃ አፈር የሚቆፍር ሮቦት ሠርተው እንዲወዳደሩ ያደርጋል። ውድድሩ ሉናቦቲክስ ይባላል። አፈሩ ከጨረቃ የመጣ አይደለም፤ አሪዞና ውስጥ ብላክ ፖይንት ከሚባል፣ እሳተ ገሞራ ቀልጦ ከፈሰሰበት ቦታ የተወሰደ ግራጫ ዱቄት ነው። ከጤፍ ዱቄት አይተናነስም። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ወደ መቆፈሪያው የሚገባ ሰው ሙሉ ልብስና የመተንፈሻ ጭምብል ያደርጋል። ተማሪዎቹ ሌላ ክፍል ተቀምጠው በካሜራ እያዩ ያዙታል፤ እኛም የምናየው በስክሪን ነው።

በቅርብ ዓመታት የሚታዘዙት አፈሩን ቆፍረው እንዲከምሩ ነው። ጨረቃ ላይ የሚያርፍ መንኮራኩር አቧራና ጠጠር በኃይል ስለሚረጭ አጠገቡ ላለው ዕቃ መከለያ ያስፈልጋል። አንዱ ሮቦት ትንሽ ከሄደ በኋላ ጎማው አፈሩን እየጫረ ራሱን ቀበረ። ልጄ ጮኸ።

አባቴ አልሳቁም። «ማን ነው የሚጫነው?» አሉኝ። «እርፉን ካልተጫንከው ማረሻው ይጭራል እንጂ አይገባም።»

ለካ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው! መንገድ ላይ የምናየው ኤክስካቫተር መሬቱን የሚበሳው ከባድ ስለሆነ ነው። የተማሪዎቹ ሮቦት ግን ከ80 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወስኖበታል። የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ስለሆነ፣ ያ ሮቦት እዚያ ቢሄድ እዚህ 13 ኪሎ የሚሆን ዕቃ የሚጫነውን ያህል ብቻ ነው የሚጫነው። አፈሩ ደግሞ ላይ ላዩን ዱቄት ይምሰል እንጂ ጥቂት ወረድ ሲሉ ድርቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15ቱ ዴቪድ ስኮት መሰርሰሪያው አልገባ ብሎት ከታሰበው ጥልቀት ሳይደርስ ቀርቷል።

ጥያቄውን ለልጄ ተረጎምኩለት። የናሳ መሐንዲሶች እዚያው ኬኔዲ የሠሩትን ራሶር የሚባል ሮቦት ያውቀዋል። ሮቦቱ ፊትና ኋላው ላይ ትንንሽ መዛቂያዎች የተደረደሩባቸው ከበሮዎች አሉት፤ ከበሮዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። የፊቱ ወዲያ ሲጎትት የኋላው ወዲህ ስለሚጎትት ጉልበታቸው ይጣፋል፤ ማሽኑ ቀላል ቢሆንም ባለበት ጸንቶ ይቆፍራል። ሲፈትኑትም አብዛኛውን ክብደቱን ከላይ አንጠልጥለው በመሸከም የጨረቃን ያህል እንዲቀልል ያደርጉታል።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ለእኔ ነው። አያቱን ግን «አባባ» ብሎ ሁለት እጃቸውን ያዘና ወደ ኋላ ለጠጥ አለ። እሳቸውም ሳቡት። ሁለቱም ተሳስበው ቆሙ፤ ማንም አልወደቀም።

«እ! በሬና በሬ!» አሉ አባቴ።

ወደ ኦርላንዶ ስንመለስ ከኋላ ወንበር «ሞፈር... ቀንበር... እርፍ...» ሲባባሉ እሰማለሁ። ልጄ «እርፍ» ማለት አቅቶት አሥር ጊዜ ደጋገመው። ተርጉሚልን ያለኝ የለም፤ እኔም ዝም ብዬ ነዳሁ።