ከአልጋ ሥር ያለው ሻንጣ

እስቲ ይህን ጽሑፍ ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ተጀምሮ ያላለቀ የእጅ ሥራ አለ? አንድ እጅጌው የቀረ የሕፃን ሹራብ፣ ጠርዙ ብቻ የተጠለፈ የትራስ ልብስ፣ ወይም ኪሮሹ እንደተሰካበት የተቀመጠ ዳንቴል? «የለም» ካላችሁ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ፌስታል አውርዱና እንደገና እንነጋገር።

የእኔ ያለው ሻንጣ ውስጥ ነበር። ቡናማ፣ ዚፑ የላላ፣ ከአልጋ ሥር የሚገፋ ሻንጣ። ሦስት ጊዜ ቤት ስቀይር ሦስት ጊዜ ተሸክሜዋለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን ከፍቼ አላየሁትም። የምኖረው ነቀምቴ ነው፤ ሽማግሌዎች ባኬ ጃማ የሚሏት ከተማችን ውስጥ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ኦፊሰር ነው። ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ሰዎች ሥራ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እያልኩ የምጨቀጭቅ ሰው ነኝ። ማታ የምተኛው ግን አሥር ዓመት ባላለቀ ሥራ ላይ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ ተመርቄ ጊምቢ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። እናቴን የምጠራት አዮ ብዬ ነው። አዮ የእጅ ሥራ የተማረችው ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ኪሮሽና መርፌ በሚይዙበት ዘመን ነው፤ እኛ ስንማር ያ ክፍለ ጊዜ አልነበረም። የምረቃው ድግስ በተነሳ በሳምንቱ አንድ ከረጢት ሙሉ የዳንቴል ክር ይዛ መጣች። «የሠርግሽን የአልጋ ልብስ እንጀምር» አለች። ያኔ እጮኛ እንኳ አልነበረኝም።

የዚህ ዓይነቱን የአልጋ ልብስ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ወጥ ሆኖ አይሠራም። መጀመሪያ አበባዎቹ አንድ በአንድ በኪሮሽ ይሠራሉ፤ መጨረሻ ላይ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። የእኛ አበባ ስምንት ቅጠል ያለው፣ ዙሪያው በአራት ማዕዘን የሚዘጋ፣ ጎኑ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነው። አዮ 18 በ20 ብላ አሰላችው፤ 360 አበባ። «እኔ 240፣ አንቺ 120» ብላ ከፋፈለችን።

በ2010 ዓ.ም. አገባሁ። የአልጋ ልብሱ አልደረሰም። ከሱቅ ተገዝቶ ተነጠፈ፣ ፎቶ ተነሳን፣ አለፈ። አዮ ግን ቀጠለች። ሰው ወደ ነቀምቴ በመጣ ቁጥር በጋዜጣ የተጠቀለሉ አበባዎች ትልካለች። እኔ ተቀብዬ ሻንጣው ውስጥ እከታለሁ። የመጨረሻው ጥቅል የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አልላከችም። ስለ ሥራው ሳነሳባት «ክሩ ይወሳሰብብኛል» ትላለች። እኔም ደክሟታል፣ ትታዋለች ብዬ በልቤ ደመደምኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እሷ መተዋ ለእኔም ተመቸኝ።

ባለፈው ክረምት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለን የአምስት ዓመት ልጄ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው። አበባዎቹን ምንጣፍ ላይ በትና «ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አለችኝ። «የአኮሽ ነው» አልኳት። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መቁጠር ጀመርኩ። መሥሪያ ቤት የዕቃ ቆጠራ እንደምናደርገው በአሥር በአሥር ደረደርኩ።

203 ሆኑ። የእኔን መለየት አልከበደኝም፤ ክሩን አጥብቄ ስለምስብ የእኔ አበባዎች 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናቸው፣ ጫፋቸውም ይጠቀለላል። 11 ነበሩ። ከ120ው 11። የአዮ 192። አሥር ዓመት ሙሉ «እናቴ የጀመረችልኝና ያልጨረሰችው» ብዬ ሳወራው የነበረ ሥራ ማን ዘንድ እንደቆመ ቁጥሩ ነገረኝ።

ሁለተኛው ነገር የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ከመጨረሻው ጥቅል የወጡት 14 አበባዎች የአዮ እጅ አይመስሉም። አንዱ ሰባት ቅጠል አለው፣ አንዱ ዘጠኝ። አንዱ ላይ ቀለበቱ ተዘሎ ቀዳዳ ሆኗል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀለበት ብስት አስፈትታ ታሠራኝ የነበረች ሴት፣ እነዚህን እንዴት ላከች?

ደወልኩላት። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ጠየቅኳት። ዝም አለችና «እነዚያን በእጄ እየዳሰስኩ ነው የሠራኋቸው» አለች። ልጄ የተወለደችው የካቲት 2012 ዓ.ም. ነው። በምዕራብ ወለጋ ስልክ ሙሉ በሙሉ የተቋረጠባቸውን እነዚያን ወራት የአካባቢያችን ሰው አይረሳቸውም። እኔ ነቀምቴ ወልጄ፣ እሷ ጊምቢ፣ መካከላችን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ፣ የልጅ ልጅ ማግኘቷን የሰማችው በሁለት ሳምንቱ ከመንገደኛ ነው። «ምን ላድርግ፤ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ዓይኔ ባያይም እጄ ያውቀዋል ብዬ ያዝኩት» አለችኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። እናቴ ማየት እየተሳናት እንደሆነ የሚናገር ማስረጃ አምስት ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ ሥር ነበር። ላየው ግን አልከፈትኩትም።

በሳምንቱ ነቀምቴ መጣች፤ ዓይኗን አስመረመርናት። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፣ በሁለቱም ዓይን። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ለሁላችሁም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ምክንያት ይኸው የሞራ ግርዶሽ ነው። የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ችግሩ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም፤ «አርጅቻለሁ» ይላል። ስለዚህ እናታችሁ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ከተቸገረች፣ ስፌቷ መንገድ መሳት ከጀመረ፣ «አርጅታ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አስመርምሯት።

አዮ መጀመሪያ ቀኝ ዓይኗን ታከመች። ለማገገም እኔ ቤት ስትቆይ ሻንጣውን እንጨርሰው ተባባልን። ለመጨረስ ግን መጀመሪያ መስማማት ነበረብን። የቀሩትን 157 አበባዎች ልንሠራ ነው? እኔ የቢዝነስ ተማሪ ስለነበርኩ አንድ ትምህርት አልረሳሁም፤ የማይመለስ ወጪ የሚባለውን። አንዴ የወጣ ገንዘብና ጊዜ ተመልሶ ስለማይመጣ ውሳኔያችንን ሊመራው አይገባም፤ ጥያቄው «ምን ያህል ደከምኩበት?» ሳይሆን «ከዛሬ ጀምሮ ምን ይጠቅመኛል?» ነው። ወረቀት አወጣሁና አሰላሁ። 10 በ16 ብናደርገው 160 አበባ፣ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ92 ይሆናል፤ የልጄን አልጋ ይሸፍናል። 6 በ6 ደግሞ 36 አበባ፣ ለአዮ የረከቦት ጠረጴዛ ይበቃል። ተጨማሪ አንድም አበባ መሥራት አያስፈልግም።

አዮ አልወደደችውም። «ለሠርግሽ የጀመርኩትን ለሕፃን አልጋ?» አለችኝ። ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ልጄ አበባዎቹን አልጋዋ ላይ ደርድራ በላያቸው ተኝታ አገኘቻት። «በቃ፣ ባለቤቱ ተገኝቷል» አለች።

በእኔ ልምድ ያላለቀ ሥራ የሚያስፈራን ሥራው በዝቶ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ዕቅድ መቀነስ እንደ ሽንፈት ስለሚታየን ነው። ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ካለቀ ሥራ ይልቅ የተቋረጠውን የበለጠ እንደሚያስታውሱ ጽፋ ነበር። በኋላ የተደገሙት ሙከራዎች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም፤ ግን ከአልጋው ሥር ሻንጣ ያለው ሰው ምን ለማለት እንደፈለገች ይገባዋል። ጨርቅ በጨርቅ እየገጣጠሙ ኩዊልት የሚሰፉ አሜሪካውያንም ላላለቀ ሥራቸው «ዩኤፍኦ» የሚል የቀልድ ስም አላቸው፤ ከሰማይ የሚመጣውን ሳይሆን «ያላለቀ ዕቃ» ማለታቸው ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አይደላችሁም።

እንግዲህ ሻንጣችሁን ለመክፈት ከተነሳችሁ፣ እኛ ተሳስተን የተማርነውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ሁሉንም በቀን ብርሃን አንሶላ ላይ አውጡና ቁጠሩ። በሦስት ክፈሉት፤ የሚጨረስ፣ የሚሰጥ፣ የሚፈታ። ሁሉም መጨረስ የለበትም።

ከመግጠማችሁ በፊት እጠቡ። አሮጌ ክር ቢጫ ይላል፣ ሊኮማተርም ይችላል፤ ይህ ከተጋጠመ በኋላ ቢመጣ ሥራው ሁሉ ይጣመማል። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል፤ በረኪና ክሩን ስለሚጎዳ አትሞክሩት። አትጭመቁት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን አስመጥጡና ጠፍጣፋ ነገር ላይ በስፒል ወጥራችሁ አድርቁት።

ክሩን አስቡበት። እኛ የሚጎድለንን ልገዛ ገበያ ወረድኩ፤ ነጩ በጣም ነጭ፣ ክሬሙ በጣም ክሬም። መርካቶ ለሚሄድ ሰው ናሙና ሰጥቼ ላክሁ፤ አልተገኘም። ክር በተለያየ ጊዜ ሲቀለም፣ ያው ቀለም ቢባልም ጥቂት ይለያያል፤ ለዚህ ነው ጥቅልሉ ወረቀት ላይ የሚጻፈውን የቀለም ዙር ቁጥር አይታችሁ የሚበቃችሁን በአንድ ጊዜ መግዛት ያለባችሁ። እኛ ግን አሥር ዓመት ዘግይተናል።

መፍትሔውን ያመጣችው አዮ ናት። የእኔን 11 አበባዎች በአዲሱ ዓይኗ አገላበጠቻቸውና ሳቀች። ከዚያ አራቱን መርጣ ዙሪያቸውን አንድ ረድፍ ጨምራ 12 ሴንቲ ሜትር አደረሰቻቸው። «እነዚህ የአልጋ ልብሱ አራት ማዕዘን ላይ ይገባሉ» አለች። ሰባቱን «ፍቺያቸው» ብላ ሰጠችኝ። ኪሮሽ እንደምታውቁት ጫፉ ከተገኘ ይፈታል። ከዚያው ከረጢት፣ ከዚያው ቀለም የወጣው ክር፣ ሻንጣው ውስጥ ከተረፈችው ግማሽ ጥቅልል ጋር ሆኖ ለመግጠሚያ በቃን።

በበኩሏ የራሷን 14 ስህተቶችም ልትፈታ ፈልጋ ነበር። እዚህ ላይ እኔ እምቢ አልኩ። አልጋው መሃል ላይ ገብተዋል።

ሥራውን በየማታው ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት አደረግነው፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። አዮ ትገጥማለች፣ እኔ የክር ጫፎችን በመርፌ እሸሽጋለሁ። ይህን የክር ጫፍ ነገር አትናቁት፤ እያንዳንዱ አበባ ሁለት ጫፍ አለው፣ በዚያው በሠራችሁበት ቀን ካልሸሸጋችሁት እንደ እኔ አራት መቶ ጫፍ ይጠብቃችኋል። ባለቤቴ ቡና ያፈላል። ልጄ «ስንት ረድፍ ቀረ?» እያለች ትቆጥራለች። 16ቱ ረድፍ በ31 ማታ አለቀ።

ሥራውን የሠሩት ብዙ እጆች መሆናቸውም አያሳፍርም። አየርላንድ ውስጥ በ1840ዎቹ፣ በዚያ ታላቅ ረሃብ ዘመን፣ ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ ቤተሰባቸውን ለማትረፍ ይጥሩ ነበር፤ አንዷ ጽጌረዳውን፣ ሌላዋ ቅጠሉን እየሠራች በኋላ በአንድ ላይ ይጋጠም ነበር። ዳንቴል መጀመሪያውኑ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ አልነበረም።

ዛሬ የአልጋ ልብሱ ልጄ አልጋ ላይ ነው። በሩቅ ለሚያየው ወጥ ነው፤ ቀርቦ ለሚቆጥር ግን ባለ ሰባትና ባለ ዘጠኝ ቅጠል አበባ ያገኛል። ልጄ እነሱን መፈለግ ጨዋታ አድርጋዋለች። የጠረጴዛው ልብስ ጊምቢ ሄዷል። አዮ ሁለተኛ ዓይኗን ለመታከም ቀጠሮ ይዛለች፤ ባለፈው ሳምንት ደውላ አዲስ ነገር እንደጀመረች ነገረችኝ። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። «ይኼኛውን ግን ብቻዬን ነው የምሠራው» አለች።

ሻንጣችሁን ስትከፍቱ መጀመሪያ ቁጠሩ። ከዚያ ሥራውን አብራችሁ ለጀመራችሁት ሰው ደውሉ።