የታሸገው መስኮት

ለዓመታዊ መጽሔታችን ስለ አንድ የኮምፒውተር ጌም እንድንጽፍ ስንጠይቅ አንዳንድ መምህራኖቻችን ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ነበር። ጌሙ አስፈሪ መሆኑን ስንጨምርበትማ ጭራሽ ባሰ። ቢሆንም ፈቀዱልን፤ እናመሰግናለን። እኛ አራት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ሁለታችን እዚሁ ናይሮቢ ተወለድን፤ ሁለታችን በሕፃንነታችን መጣን። ዘንድሮ በእረፍት ሰዓት ከፈተና ይልቅ ብዙ ያወራነው ስለ «አይረን ላንግ» ነው።

ስሙ «የብረት ሳንባ» ማለት ነው። በፖሊዮ ምክንያት መተንፈስ ያቃታቸው ሕሙማን ከአንገታቸው በታች ይገቡበት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካ ውስጥ ሥራ የጀመረው የመተንፈሻ ሳጥን በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። የጌሙ ብረት ሳንባ ግን ጠባብ ሰርጓጅ መርከብ ናት። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ከዋክብትና ሰው ሊኖርባቸው የሚችሉ ፕላኔቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፍተዋል። የተረፉት በጠፈር ጣቢያዎችና በመንኮራኩሮች ውስጥ የነበሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱም የሚረዳቸው ነገር ቢገኝ ብለው በአንዲት ጨረቃ ላይ ወዳለ የደም ባሕር አንድ እስረኛ ያወርዳሉ። እስረኛው ተጫዋቹ ነው። ሥራውን ከጨረሰ ነፃ እንደሚወጣ ተነግሮታል። በሩ ተበይዶበታል፤ ያለችው አንዲት መስኮትም ጥልቀቱን ስለማትችል በብረት ተሸፍናለች።

«የደም ባሕር» የሚለው ቃል ወላጆቻችንን እንደሚያስደነግጥ እናውቃለን። ለታናናሾቻችን የሚሆን ጌም ነው አንልም፤ አይደለምም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ባሕሩን አታዩትም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ተጫዋቹ ያለው አንድ ካርታ፣ የኤክስና የዋይ ቁጥሮችና መርከቧ የዞረችበትን አንግል የሚያሳይ መቆጣጠሪያ ነው። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ የሚያስኬዱ ቁልፎች አሉ። መርከቧ ወደ ገደል ስትጠጋ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል፤ ጥቅጥቅታው በፈጠነ ቁጥር ግድግዳው ቀርቧል ማለት ነው። ካርታው ላይ የተመለከተው ቦታ ሲደርስ ከኋላ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ፎቶ ያነሳል። ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ የደበዘዘ፣ እህል እህል የሚል ጥቁርና ነጭ ምስል ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ዓለት ይሆን? አጥንት ይሆን? ወይስ ዓይን ያለው ነገር? ከውጭ የምናየው ይኼንኑ ብቻ ነው። ካርታውን በግራፍ ወረቀት ገልብጠን፣ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የሚወስደውን አንግል በታንጀንት ያወጣንበት ቀን ነበር። የሒሳብ መምህራችን ይህን ቢያነቡ ደስ እንደሚላቸው ተስፋ አለን፤ በክፍል ውስጥ እንደዚያ ተጠንቅቀን ሠርተን አናውቅምና።

አንድ ቅዳሜ በጓደኛችን ቤት ስንጫወት እናቷ ቡና እያፈሉ ከኋላችን ያዩ ነበር። «ታዲያ አስፈሪው የቱ ጋ ነው? ምንም የሚታይ ነገር የለም እኮ!» አሉን። ሳቅን። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ግን ዝም ብለው ነበር። የሆነ ነገር የመርከቧን ጎን ሲመታ ሲኒውን አስቀመጡና «ኧረ ልጆቼ፣ አጥፉት! በማርያም አጥፉት!» አሉ። የታየ ነገር ግን አሁንም አልነበረም።

ግራፊክሱ ሆን ተብሎ የድሮ እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዋና ሜሞሪው 2 ሜጋባይት ነበር፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። የምስሎችን ጥግ ስክሪኑ ላይ ሲያስቀምጥ ክፍልፋይ ቁጥር ስለማይጠቀም የቤቶችና የሰዎች ጠርዝ ይንቀጠቀጣል፤ ወለሉና ግድግዳው ሲቀርቡ ይጣመማሉ። ሩቁን ሁሉ መሳል ስለሚከብደው በ1999 የወጣው «ሳይለንት ሂል» ከተማውን በጭጋግና በጨለማ ሸፈነው። ጭጋጉ የአቅም ማነስን ለመደበቅ የመጣ ነበር፤ ያስፈራው ግን እሱ ራሱ ሆነ። ያንን የልጅነት ፍርሃት የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ ያለ ትልቅ ኩባንያ፣ ብቻቸውን ወይም በጥቂት ሰው፣ በዚያው ዓይነት ሥዕል አዳዲስ ጌሞች ይሠራሉ። ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው፤ እንዲህ ያለ ጌም በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። የምንጫወትበት ላፕቶፕ የአንዳችን ታላቅ ወንድም ዩኒቨርሲቲ የጨረሰበት ነው፤ ሁለት ቁልፎቹ ወልቀዋል።

የ«አይረን ላንግ» ሠሪ ዴቪድ ሺማንስኪ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ከዚያ በፊት በ2018 በወጣው «ደስክ» በተባለ ጌም ይታወቅ ነበር። «አይረን ላንግ» በመጋቢት 2022 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ዋጋው ከ6 ዶላር አይበልጥም ነበር፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። መርከቧ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ላይ የሚነበቡት ጽሑፎች፣ በእኛ አስተያየት፣ ከፎቶዎቹ ኃይል ጋር አይወዳደሩም። መጨረሻውን አንናገርም።

በሰኔ 2023 «ታይታን» የተባለችው ሰርጓጅ አምስት ሰዎችን ይዛ ወደ ታይታኒክ ስብርባሪ ስትወርድ ጠፋች። ዓለም ሲፈልጋት በሰነበተበት በዚያ ሳምንት የጌሙ ሽያጭ ድንገት ከፍ አለ። ሺማንስኪ ግን አልተደሰተበትም፤ እውነተኛ ሰዎች በዚያ ሁኔታ ውስጥ መሆናቸው እንደሚዘገንነው በይፋ ጻፈ። እኛም ይህን ስናነብ ጌሙን ለጥቂት ቀናት ትተነው ነበር።

ከአራታችን አንዷ ግን ቀድሞም ከሌሎቻችን በተለየ መንገድ ነበር የምትጫወተው። መሪውን ትይዛለች፣ አንግሉን ታሰላለች፣ ካርታውን ከሁላችንም የተሻለ ታነባለች። ፎቶ የሚያነሳውን ቁልፍ ግን አትነካም። «እናንተ ጫኑት» ትላለች፤ ምስሉ እስኪወጣ ድረስም ፊቷን ታዞራለች። ፈሪ ናት ብለን እንዳንስቅባት ደግሞ ከእኛ መካከል ሌሊት መብራት ሲጠፋ ብቻዋን ደረጃ የምትወርደው እሷ ብቻ ናት።

ምክንያቱን የነገረችን ቆይታ ነው። አያቷ የሚኖሩት ጎንደር አካባቢ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በየእሑዱ የምታየው የአያቷ ፊት አብሮ ተቋረጠ። ስልክ አንዳንድ ቀን ይሠራ ነበር። ሲሠራ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏታል። የእኛ ሰው ደግሞ ደህና ባይሆንም «ደህና ነኝ» ነው የሚለው፤ ከዚህ ቃል ምን ይወጣል? በየሁለት ወሩ፣ በየሦስት ወሩ አንድ ዘመድ አዲስ አበባ ሲደርስ ፎቶ ይልካል። ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የቆየ፣ የደበዘዘ ፎቶ። ያኔ መላው ቤተሰብ ሳሎን ይሰበሰባል። ከስተዋል? ከኋላቸው ያለው አጥር ድሮም እንዲህ ነበር? ይኼ ጥላ ምንድን ነው? አባቷ ምስሉን በጣታቸው ያጎሉታል፣ ያጎሉታል፣ በመጨረሻ አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች ብቻ ይቀራሉ።

«ከምስሉ ይልቅ የሚከብደው ከመከፈቱ በፊት ያለው ነው» አለችን። «ክቡ ሲዞር።»

እኛ ሦስታችን ምን እንደምንል አላወቅንም። አንዳችን ውሃ ሊቀዳ ተነሳ።

አያቷ አሁን ደህና ናቸው፤ ባለፈው ገና በቪዲዮ አይተናቸው ሁላችንንም በየተራ መርቀውናል።

ከየካቲት ወዲህ የራሳችንን ጌም እየሠራን ነው። «ጎዶት» የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር እንጠቀማለን፤ ምስሉም እንደ ድሮው 320 በ240 ፒክስል ነው። መርከብ የለበትም። መብራት የጠፋበት ሳሎን፣ አንድ ሻማና አንድ ስልክ ነው ያለው። ጭራቅ እንጨምር የሚለው ሐሳብ ሦስት ለአንድ ወድቋል። ሶፋው እስካሁን ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ሻማውም ሲጠጉት ብርሃኑ ጣሪያውን አልፎ ይወጣል። እንዲህ እንዳለ ለትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ይደርሳል ብለን አናስብም።

በመጨረሻ ስልኩ ላይ ፎቶ ይታይ ወይስ አይታይ በሚለው ግን ሁለት ለሁለት ተከፍለናል። እሷ አይታይ ከሚሉት ናት። ይልቅ ድምፅ ቀድታ አምጥታልናለች። ስልኩ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ የአሮጊት ድምፅ «ሄሎ፣ ማን ልበል?» ይላል።