ሦስተኛው ሳል

ኤድጋር አለን ፖን ለመተርጎም የሞከርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረውም አጎቴ ቤት፣ ከእርሳቸው መኝታ በኮምፔርሳቶ ብቻ በተከለለች ክፍል ውስጥ ነበር። «አሳባቂው ልብ» የሚል ርዕስ ያወጣሁለት ታሪክ በጣት የሚቆጠሩ ገጾች ብቻ ስላሉት በሳምንት እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

ታሪኩን ለማያስታውስ አንባቢ ባጭሩ ላውጋው። ስሙን የማይነግረን ተራኪ አብሮት የሚኖረውን ሽማግሌ ገድሏል። ሽማግሌው አልበደለውም፣ አልሰደበውም፤ ተራኪውም ገንዘቡን አልተመኘም። እንዲያውም እወደው ነበር ይለናል። የጠላው አንድ ዓይኑን ብቻ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ስስ ሞራ የለበሰ፣ የጥንብ አንሳ ዓይን የሚመስል። ሰባት ሌሊት በእኩለ ሌሊት በሩን ይከፍታል፤ ጭንቅላቱን ለማስገባት ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከዚያም በፋኖሱ ቀጭን ጨረር ያንን ዓይን ይፈልጋል። ተከድኖ ስለሚያገኘው ይመለሳል፤ በተከደነ ዓይን ላይ እጁ አይነሳማ! በስምንተኛው ሌሊት ተገልጦ አገኘው። ሬሳውን ከወለሉ ሳንቃ ሥር ደብቆ፣ ሊጠይቁ የመጡትን ሦስት ፖሊሶች እዚያው ክፍል አስቀምጦ ሲያጫውት፣ የሞተው ሰው ልብ ሲመታ ይሰማው ጀመር። ድምፁ እየጎላ ሄደ፤ በመጨረሻም ራሱ ጮኾ ተናዘዘ።

የእኛ አገር አንባቢ ስለዚያ ዓይን ሲያነብ ቡዳ ማለቱ አይቀርም። እኔም በመጀመሪያው ረቂቄ በዚህ ቃል ተፈትኜ ነበር። ግን አላስኬደኝም። ሽማግሌው በዓይኑ ያጠፋው ሰው የለም፤ ሌሊት ሌሊት ዓይኑን ተክሎ የሚያድነው ተራኪው ራሱ ነው። በእንግሊዝኛ «ዓይን» እና «እኔ» የሚሉት ቃላት በድምፅ አንድ ናቸው። ሰውየው «ዓይኑን ጠላሁት» ሲል ጆሮ ሌላም ነገር ይሰማል። በአማርኛ ይህ ይጠፋል፤ ማካካሻም አላገኘሁለትም።

ስለ እብደቱ ካነሳን፣ ዘወትር የሚደንቀኝ የቀን ግጥጥሞሽ አለ። ታሪኩ የታተመው እ.ኤ.አ. በጥር 1843፣ ጄምስ ራስል ሎዌል ቦስተን ላይ ያዘጋጀው በነበረና ከሦስት እትም በላይ ባልዘለቀ መጽሔት ነው። በዚያው ወር ለንደን ውስጥ ዳንኤል ማክናተን የተባለ ሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሮበርት ፒልን ጸሐፊ ተኩሶ ገደለ፤ ሊገድል ያሰበው ፒልን ራሱን እንደነበር በሰፊው ይታመናል። በእብደት ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ሲባል ሕዝቡ ተቆጣ። ዳኞችም ዓመቱ ሳይወጣ መመዘኛ አበጁ፦ ሰውየው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ? ስሕተት መሆኑንስ ያውቅ ነበር ወይ? ፖ ታሪኩን ሲጽፍ ይህ ሁሉ ገና አልሆነም። ተራኪው ግን በዚህ መመዘኛ ፊት የቆመ ያህል ይሟገታል። እብድ ምንም አያውቅም፣ እኔ ግን ምን ያህል በጥንቃቄ እንደሠራሁ እዩልኝ ይላል። መግደሉን አይክድም፤ የሚክደው ማበዱን ብቻ ነው። ክርክሩን ቢረታ የሚጠብቀው ስቅላት መሆኑ ትዝም አይለው።

እኔን ያሰናከለኝ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው። ከላይ ታሪኩን ሳወጋ ሽማግሌውን «እሱ» ማለቴን ልብ ያላችሁ ትኖራላችሁ። በእንግሊዝኛው ሁለቱ በምን እንደሚዛመዱ አይነገረንም፤ ልጅ ይሁን አሽከር ወይም ተከራይ አናውቅም። ቋንቋውም አያስገድድም። አማርኛ ግን ያስገድዳል። አብሮ የሚኖር ሰው አዛውንቱን «ገደልኩት» ይላል ወይስ «ገደልኳቸው»? «እሱ» ካለ ገና ሳይገድለው አዋርዶታል፤ ነገሩ ቀላል የወንጀል ወሬ ይሆናል። «እሳቸው» ካለ ግን… በማክበር ውስጥ ያለፈ ጭካኔ ነውና ሰውነቴን ይወርረኛል። ተራኪው በየማለዳው ወደ ሽማግሌው ክፍል እየገባ በስማቸው ጠርቶ እንዴት አደሩ ይላቸው ነበር እኮ!

የመጀመሪያው ረቂቄ «እሱ» ይል ነበር። ምክንያቱን አሁን አውቀዋለሁ።

ጋሼ ሌሊት ሌሊት ይስሉ ነበር። ከባድ ሳል አልነበረም፤ ጉሮሮ እንደ መጥረግ ያለ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ጸጥታ። በመጀመሪያው ወር አልሰማሁትም። በሁለተኛው ወር ሰማሁት። በሦስተኛው ከዚያ ሌላ ምንም አልሰማም ነበር። ሲስሉ አነባለሁ፤ የማላነበው ሊስሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ነው። በኋላ ላይ ሁለቴ ስለው ሦስተኛውን ማስቀረት ጀመሩ፤ የባሰው ይኼ ነበር። ያልመጣውን ሳል እየጠበቅኩ ንጋት ላይ የደረስኩባቸው ሌሊቶች አሉ። እኒህ ሰው ያስተማሩኝ፣ ያበሉኝ፣ ደብተር የገዙልኝ ናቸው። እወዳቸው ነበር። ይህን ስጽፍ የማን ቃል እንደሆነ ይታወቀኛል።

አንድ ሌሊት ተነስቼ በራቸው ላይ ቆምኩ። ክፉ ነገር ላደርግ አልነበረም፤ ክፉ ነገር ልናገር ነበር። ቃላቱን ቀናት ሙሉ አጥንቻቸዋለሁ፤ እዚህ አልደግማቸውም። እጄ በሩ ላይ እንዳለ ከውስጥ፣ ከጨለማው፣

«አልተኛሽም እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ውኃ ልጠጣ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔም እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሰነበተ። ገጽ ስትገልጪ እሰማለሁ። እንዳልረብሽሽ እያልኩ አፌን በጋቢ እይዛለሁ፤ አንዳንዴ ያመልጠኛል።»

ለካ ሦስተኛው ሳል ጋቢ ውስጥ ነበር የሚቀረው።

በታሪኩ ውስጥ፣ በስምንተኛው ሌሊት፣ ሽማግሌው ኮሽታ ሰምቶ አልጋው ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም በጨለማ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀሱ እርስ በርስ ያዳምጣሉ። ከዚያ ሽማግሌው ያቃስታል። ተራኪውም ያን ማቃሰት አውቀዋለሁ ይላል፤ ዓለም ሁሉ ሲተኛ ከገዛ ደረቱ ስንት ሌሊት ወጥቷል! እርሱም ግድግዳ ውስጥ የሚያንኳኳውን፣ የሞት ምልክት ነው የሚባለውን ጥንዚዛ ሲያዳምጥ ያነጋ ሰው ነው። ብዙ አንባቢ ይህን ቦታ ወደ ግድያው እየተጣደፈ ያልፈዋል። ለእኔ ግን የታሪኩ ሁሉ ዘግናኝ ቦታ ይኼ ነው። ገዳዩ ሟቹን ያውቀዋል፤ ፍርሃቱን እንደ ራሱ ፍርሃት ለይቶታል፤ አዝኖለታልም። ማወቁ ግን እጁን አልያዘውም።

እኔስ? ያን ሌሊት ውኃ ቀድቼ ሰጠኋቸው፤ መረቁኝ። ዓይኔን እንባ ሞልቶት ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ ጋደም እንዳልኩ አንዴ ሳሉ፤ ሁለቴ ሳሉ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ሦስተኛውን መጠበቅ ጀመርኩ።

ጋሼ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ረቂቁን አልፎ አልፎ አወጣዋለሁ። «እሱ» የሚለውን ሁሉ በየገጹ ሰርዤ «እሳቸው» አድርጌዋለሁ። የምቆመው ሽማግሌው የሚያቃስቱበት ቦታ ስደርስ ነው። ተራኪው እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ማዘኑንና በልቡ መሳቁን። «አዘንኩላቸው» ብዬ ጽፌያለሁ። ሳቁ ያለበት ግማሽ ግን እስካሁን በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ነው።