ሰሙ ይሂድ፥ ቀለሙ ይቆይ

አንባቢ ሆይ! ስለ መኪና የተጻፈ ነገር ሲያዩ «እኔ ገና በእግሬና በታክሲ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ይህ ለሌላ ነው» ብለው ገጹን እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ። ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ፥ ነገ ከደመወዝዎ ቆጥበው፥ ዕቁብ ደርሶዎት፥ የጎደለውንም ከዘመድ ተበድረው ያገለገለች አንዲት መኪና ይገዙ ይሆናል። ቁልፉ እጅዎ በገባ በሳምንቱም፥ ወደዱም ጠሉም፥ ከአንድ የቆየ ክርክር ውስጥ ይገባሉ። ክርክሩም «ምን ትቀባ?» የሚል ነው።

የዚህ ክርክር ሸንጎ ላቫጆ ነው። በአዲስ አበባ ቅዳሜ ጧት ከማናቸውም ላቫጆ ጎራ ቢሉ፥ ተራቸውን እየጠበቁ ቡና የሚጠጡ፥ ስለ ሞተርም ሆነ ስለ ጎማ ሳያነሡ ስለ መኪና ገላ ብቻ የሚሟገቱ ሰዎች አያጡም። ነገሩን ከሩቅ ለሰማ ሰው ስለ ሙሽራ ጌጥ የሚነጋገሩ ይመስላሉ። ቀርበው ሲያዳምጡ ግን ከክርክሩ በታች አንድ ቁም ነገር እንዳለ ይገነዘባሉ። ይኸውም፦ ውበትን እናስቀድም ወይስ ጥበቃን? የሚለው ጥያቄ ነው።

እኔ ከማውቃቸው ተሟጋቾች ሁለቱን ላስተዋውቅዎ። አንደኛው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው። በቆርቆሮ የሚሸጠውን ሰም በየሁለት ወሩ በገዛ እጃቸው ይቀቧታል፤ በለስላሳ ጨርቅም ይወለውሏታል። ሁለተኛው የባንክ ሠራተኛ የሆነ ወጣት ነው። ያገለገለች ብርማ ቪትዝ ገዝቶ ሴራሚክ የተባለውን አዲስ ልባስ አስቀብቷታል፤ ለዚህም ከአንድ ወር ደመወዙ የሚበልጥ ገንዘብ ከፍሏል።

«የመኪና ገላ እንደ ሰው ፊት ነው» ይላሉ አዛውንቱ። «ቅባት ሲያገኝ ወዙ ይወጣል። ያንተዋ እንደ ጠርሙስ ታብለጨልጫለች እንጂ ወዝ የላትም፥ ልጄ።»

«ጋሼ፥ ወዙስ ደስ ይላል» ይላል ወጣቱ። «ነገር ግን የእርስዎ ሰም አንድ ክረምት አይሻገርም። የእኔ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያል።»

እንግዲህ አንዱ ለዓይን፥ ሌላው ለዕድሜ ይሟገታሉ ማለት ነው። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ግን ስለሚጠበቀው ነገር፥ ማለት ስለ ቀለሙ ራሱ፥ ጥቂት ብናውቅ ይበጃል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና።

መኪና በተፈለሰፈ ዘመን የሚቀባው እንደ ፈረስ ጋሪ በብሩሽ ነበር። ቀለሙ ተራ በተራ ተደራርቦ እስኪደርቅ ድረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የአሜሪካው ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ቀለም ብቻ ይሸጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዚያው ዘመን ማብቂያ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ዱኮ የሚባል ቶሎ የሚደርቅ ቀለም አወጣ፤ ጄኔራል ሞተርስም ኦክላንድ በተባሉት የ1924 ሞዴል መኪኖቹ ላይ ሰማያዊ አድርጎ ቀባው። ከዚያ ወዲህ መኪና የቀለም ምርጫ ያለው ዕቃ ሆነ።

ይሁን እንጂ ያ የጥንቱ ቀለም ፀሐይና ዝናብ በቀጥታ የሚያገኙት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ከቀለሙ በላይ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ሌላ ልባስ መደረብ ጀመሩ። የአዛውንቱ ቮልስ ከፊተኛው ወገን ናት፤ የወጣቱ ቪትዝ ከኋለኛው። ይህን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። በመወልወያ ቅባት ነክረው በነጭ ጨርቅ አንድ ጥግ ላይ ቀስ ብለው ይሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ልባስ የሌለው ነው፤ ካልያዘ ልባስ አለው። አዛውንቱ ቮልሳቸውን በወለወሉ ቁጥር ጨርቃቸው ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ መጠኑን ያስተውሉ። ያ ጥርት ያለ ልባስ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ጠጉር ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። ስለዚህ የመኪናዎ ጋሻ ከራስዎ ጠጉር የሳሳ ነው። የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚመክተው መድኃኒት የተቀላቀለውም በዚህ ስስ ልባስ ውስጥ ነው። በመኪና በተወለወለ ቁጥር ከላዩ ጥቂት ማይክሮን ተፍቆ ይሄዳል፤ የሄደውም አይመለስም።

አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ ልባስ አትራራለትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ያ ጎጂ ጨረርም ወደ ላይ በወጣን በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ የግንባታው አቧራ፥ የሲሚንቶው ብናኝ፥ የዛፍ ሙጫውና የወፍ ኩሱ አለ።

ታዲያ ሰም ምን ያደርጋል? ባለመኪኖች እጅግ የሚያከብሩት ሰም ካርናውባ ይባላል፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ነው። ዛፉ ሰሙን የሚያወጣው በዚያ ደረቅ አገር ከቅጠሉ ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ ነው። በአገራችን ጧፍ የምናበራበት የንብ ሰም በ62 ወይም በ64 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል፤ ካርናውባ ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ይችላል። ጥቁር መኪና በጠራራ ፀሐይ ስትቆም የኮፈኗ ላሜራ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ እንደሚችል ሲያስቡ፥ ይህ ልዩነት ቀላል እንዳልሆነ ይረዱታል። ካርናውባ ለብቻው እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር፥ ከቅባትና ለስላሳ ከሆኑ ሰሞች ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ እንደ አያያዙ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለትና ሦስት ወር ቢቆይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በፋብሪካ የሚሠራው ሠራሽ ሰም አለ፤ እርሱ ጥቂት ወራት ይጨምራል። ሴራሚክ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ከመስታወትና ከአሸዋ ጋር በሚዛመድ ንጥረ ነገር የተሠራ ፈሳሽ ሆኖ፥ ሲደርቅ ከልባሱ ጋር ተጣብቆ እንደ መስታወት የጠነከረ ስስ ሽፋን ይሆናል። በደንብ ከተቀባ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ሳሙናም በቀላሉ አያነሣውም። በዚህ በኩል ወጣቱ እውነት አለው።

ሆኖም ሻጮች አንድ የሚያደናግሩበት ነገር አለና ይጠንቀቁ። «ጥንካሬው 9 ኤች ነው፤ ከአልማዝ ቀጥሎ ነው» ይላሉ። 9 ኤች የአልማዝ መለኪያ አይደለም፤ የእርሳስ ነው። እርስዎ ተማሪ ከሆኑ ኤች ቢ የሚል የተጻፈበት እርሳስ በኪስዎ ይኖር ይሆናል፤ 9 ኤች ማለት በዚያው ተራ እጅግ የጠጠረው እርሳስ ነው። እርሳስ አልጫረውም ማለት አሸዋ አይጭረውም ማለት አይደለም። የሽፋኑም ውፍረት ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ ቀን ፈተና ተደረገ። ከላቫጆው ደንበኞች አንዱ፥ መምህር የሆነ ሰው፥ ጥቁር ያረጀች ኮሮላ አለችው፤ ኮፈኗን ለፈተናው ፈቀደ። በግንቦት ወር ኮፈኑ በሚገባ ታጠበ፤ ጭረቱ እስኪጠፋ ተወለወለ። ከዚያም በወረቀት ፕላስተር መካከል ለመካከል ተከፍሎ፥ በአንዱ ወገን አዛውንቱ ሰማቸውን፥ በሌላው ወጣቱ ሴራሚኩን ቀቡ። ፕላስተሩ ሲነሣ፥ የቱ የማን እንደ ሆነ ሳይነገረን፥ የቆምነው ሁሉ «የትኛው ያምራል?» ተባልን። እኔ ደጋግሜ አየሁ፤ ጎንበስ ብዬም ቀና ብዬም አየሁ፤ ልዩነት አላገኘሁም። የሌሎቹም መልስ እርስ በርሱ አልተስማማም። ውበቱ ከተቀባው ነገር ይልቅ ከመወልወሉ የመጣ ነበርና። ብርሃን ለስላሳ ነገር ላይ ሲያርፍ ሳይበታተን ይመለሳል፤ እኛ ወዝ የምንለውም ይህንኑ ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ያችን ኮፈን እንደገና አየናት። ውሃ ሲፈስባት በሰሙ ወገን ዝርግ ብሎ ተኛ፤ በሴራሚኩ ወገን ግን እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ወጣቱ ደስ አለው፤ አዛውንቱም «እሺ፥ በዚህ ረተኸኛል» አሉ። ነገር ግን ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ሲያርፍባት በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነገር ታየን፦ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ስስ ጭረት። ሰሙም ሴራሚኩም አላስቀሩትም።

ሁሉም ዝም ባለ ጊዜ መኪና የሚያጥበው ልጅ ተናገረ። «እናንተ ስለ ቅባቱ ትከራከራላችሁ» አለ። «እኔ ጋ ግን ባልዲው አንድ ነው፤ ጨርቁም አንድ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከዚህች መኪና በፊት በዚሁ ውሃ ሦስት አጥቤበታለሁ።»

አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ሸንጎ ከተነገረው ሁሉ ይህ የላቀ ነበር። በአንድ ባልዲ ውሃ ሦስት መኪና ሲታጠብ፥ ከጎማው የወረደው አሸዋ በጨርቁ ተይዞ በአራተኛዋ ኮፈን ላይ ይሄዳል። ከአንድ ወር ደመወዝ በላይ ለሴራሚክ የከፈለ ሰው፥ በማጠቢያው ዋጋ ላይ ከልጁ ጋር ለአሥር ብር ሲጨቃጨቅና «ቶሎ በል!» ሲለው አይቻለሁ። ልጁ ለዕለት እንጀራው ይቸኩላል፤ ባለመኪናውም ያስቸኩለዋል፤ ዋጋውን ግን ቀለሙ ይከፍላል። ለሁለተኛ ባልዲና ለንጹሕ ጨርቅ ጥቂት ብር ቢጨመርለት፥ ልጁም ይጠቀማል፥ መኪናውም ይተርፋል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። በውበት ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በዕድሜ ሴራሚኩ ይበልጣል፤ ከመጥፎ አጠባበቅ ግን ሁለቱም አያድኑም። ደመወዝዎ ትንሽ ከሆነ በቆርቆሮ የሚሸጠው ሰም ይበቃዎታል፤ በየሁለት ወሩ የአንድ ሰዓት ጉልበት ይጠይቅዎታል እንጂ ኪስዎን አይጎዳም። መኪናዋን በጥላ ያሳጥቡ እንጂ በፀሐይ አይደለም። ሁለት ባልዲ ይኑር፤ አንዱ ለሳሙናው፥ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይታጠብ፤ ጎማው መጨረሻ ይሁን፥ ጨርቁም የተለየ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ጠርጎ ስለሚወስደው ይቅር። የወፍ ኩስ እንዳዩ በውሃ አርሰው ሳያሹ ያንሡት። ልባሱ መላጥ ከጀመረ ግን ምንም ቢቀቡት አይድንም፤ ከቀለም ቀቢ በቀር መድኃኒት የለውም፤ በዚያ ላይ ለሴራሚክ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው።

ይህ ምክር ዛሬ ከትናንት የበለጠ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ፥ ብዙ ሰው በእጁ ያለችውን ይዞ መቆየትን መርጧል። የያዙትን ማቆየት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አባቶቻችን ለቅኔ ስም ሲያወጡ ከአንጥረኛው ቤት ሰምና ወርቅን ተዋሱ። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፥ በጭቃ ይሸፍነዋል፥ ያግለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ ወርቁ በቦታው ይገባል። ሰሙ የተሠራው ሊሄድ ነው። የመኪናም ሰም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ ቢበላው፥ ዝናብ ቢያጥበው ሥራውን ሠራ እንጂ ከዳን አይባልም፤ በቀለሙ ፈንታ የሄደ ነውና። ሰሙ ምን ያህል ቆየ ብለው ከሚጠይቁ ይልቅ ከሥሩ ያለው ቀለም ምን ያህል ተረፈ ብለው ይጠይቁ። መልሱንም በሻጭ አፍ ሳይሆን በልጁ ባልዲ ውስጥ ያገኙታል።