የጠላቂው መውጫ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል ተራራን ቀድሞ ለመደ፤ ውኃን ግን ዘግይቶ ደፈረ። ገደልና አቀበት ሲወጣ ያደገው የጎንደር ደገኛ ወንዝ በሞላ ጊዜ ዳር ቆሞ ጉድለቱን ይጠብቃል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ብሂል ከብዙ ኀዘን የተገኘ ትምህርት ነው። ይህ ጥንቃቄ የሚረሳበት ቀን ጥር 11 ነው። በቃሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው የአፄ ፋሲል መዋኛ ከተባረከ በኋላ ወጣቶች ከግንቡ ላይ እየተወረወሩ ይገባሉ፤ በብርድ እየተንቀጠቀጡም እየሳቁ ይወጣሉ።

ይህ ዝላይ የአንድ ትንፋሽ ዕድሜ አለው። ጠላቂ ትንፋሹን በጀርባው አዝሎ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ በሰፊው የቻለው ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን በ1943 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) የታመቀ አየር በሚፈለገው መጠን የሚሰጥ መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ የኢጣልያ ጠላቂዎች ጓድ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ለወራት ሲሠራ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረች ነበረች። ፎልኮ ኩዊሊቺ ከዚያ ያነሣው ፊልም በ1954 ለዓለም ታየ። ከ1993 ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ በጎንደር ልጅ ደጅ ያለው ታላቅ ውኃ ጣና ነው።

ከጎርጎራ ወደብ ሆኖ ጣናን የሚያይ ሰው ባሕር ያየ ይመስለዋል። ሆኖም ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ነው፤ ጥልቀቱም በአብዛኛው ከ14 ሜትር አያልፍም። በባሕር ላይ ግፊት እጥፍ የሚሆነው በ10 ሜትር ጥልቀት ነው። በጣና ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነ በ8 ሜትር ገደማ እጥፍ ይሆናል። በግፊት ውስጥ የሚተነፈሰው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ይሟሟል። ጠላቂው ቸኩሎ ከወጣ እንደ ተከፈተ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አረፋ ይሆናል፤ አረፋውም መገጣጠሚያን ያሠቃያል፣ ነርቭን ይጎዳል፣ አንዳንዴም ይገድላል። ስለዚህ ለባሕር የተሰላው የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዥ ለደጋ ሐይቅ አይሆንም።

ደገኛውን የሚመለከተው ሌላው ሕግ ከዚህ ይጠነክራል። ጠልቆ የወጣ ሰው በዚያው ቀን ተራራ መውጣት የለበትም። ከጎርጎራ ተነሥቶ ጎንደርን አልፎ ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ከፍታዎች ቢገሠግሥ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር በሰውነቱ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላን ለመሳፈር ያሰበ ጠላቂ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ጠልቆ ከሆነ ደግሞ 18 ሰዓት ይታገሣል። ወደ ደጋ የሚመለሰውም እንዲሁ መታገሥ ይገባዋል። ሩቅ አገር ተምሮ የሚመለስ ወጣትም ይህን ሕግ ቢያጤነው ይጠቅመዋል፤ ያየውን ሁሉ በአንድ ቀን በወገኑ ላይ ሊያፈስ የቸኮለ ብዙ ጊዜ ራሱን ጎድቷል።

በጣና ውስጥም የመውጫ አደጋ የሚጠብቃቸው ፍጥረታት አሉ። ሐይቁ 15 ያህል የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች የተገኙበት ብርቅ ስፍራ ነው። በ1830ዎቹ ጎንደር የደረሰው ጀርመናዊ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከእነዚህ አንዳንዶቹን ለሳይንስ አስተዋውቋል። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ መረቡ በወንዞቹ አፍ ይጠብቃቸው ጀመር። በ1990ዎቹም ቁጥራቸው እጅግ እንዳሽቆለቆለ በጥናት ታወቀ። በ2011 በሰሜኑ ዳርቻ የታየው እምቦጭ ደግሞ ሌላ ሸክም ጨመረ።

እምቦጩ በዓይን ስለሚታይ ሕዝብ ሊነቅለው ወጥቷል። ከሥር የሚያልቀው ዓሣ ግን አይታይም፤ ከደምቢያ ማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ውኃውን ስለሚያደፈርሰው ጠላቂ እንኳ ብዙ ርቆ አያይም። መምህሩም ሆነ ከያኒው የሚፈለገው ለዚህ ነው። ዓሣው በክረምት ለምን ወንዝ እንደሚወጣ የሐይቁ ዳር ልጅ በክፍል ውስጥ ሊማረው፣ በመድረክም ሊያየው ይገባል። ዓሣ አጥማጁም በእነዚያ ጥቂት ወራት ከወንዙ አፍ መረቡን ቢያነሣ፣ ለከርሞ የሚያጠምደውን ያተርፋል።