ደብረ ብርሃን ትበልጣለች

ዴንቨር፣ ጥር 17

ይድረስ ለእትዬና ለቤቱ ሰው ሁሉ፣

ስልኩ ሁለት ቃል ሳንነጋገር እየተቆረጠ ስላስቸገረን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሳገኝ ቁጭ ብዬ ልጻፍ አልኩ። የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ባለፈው «ደህና ነኝ» ስትለኝ ድምጿ አላማረኝም። እውነቱን አንቺ ንገሪኝ፤ እሷ እንደሆነች አትናገርም።

ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ ብርዱ ነውና ከእሱ ልጀምር። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ! ከአውሮፕላን ከወረድኩ ጀምሮ ሐበሻውም ፈረንጁም «ከፍታው እንዳይጥልሽ፣ ውኃ ጠጪ፣ ደረጃ ቀስ ብለሽ ውጪ» እያለ ሲያስፈራራኝ ከረመ። ከተማዋ አንድ ማይል ከፍታ ላይ ናት ብለው የሚኮሩት ኩራት ልክ የለውም። ጉልላቱ በወርቅ የተለበጠው የኮሎራዶ ምክር ቤት ደጁ ላይ ካሉት ደረጃዎች በአንዱ ይኸው ከፍታ ተቀርጿል፤ ሰው እየመጣ እዚያች ደረጃ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። አንድ ማይል እኮ 1,609 ሜትር ነው። እኛ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ሆነን ሽሮ ስናማስል ማን ፎቶ አነሳን? ከሮኪ ተራሮች ሁሉ ትልቁ ኤልበርት የሚባለው 4,401 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸናችን ከ4,500 ያልፋል። ይቺን ለሚሚ ንገሪልኝ፣ ክፍል ውስጥ ታውራላቸው። ጸጉሯን ማን እየሠራላት ነው? ያቺ ጎረቤታችን አጥብቃ ስለምትጎነጉን ግንባሯ ይቆስላል፣ አደራ።

አንድ ሌሊት ግን ብርዱን ቀመስኩት። የአክስታችን ልጅ ስልኩን አየና «ዛሬ ዜሮ ይገባል» ቢለኝ ሳቅሁበት፤ ዜሮማ በኅዳር ውርጭ እኛም ጋ ይመጣል። የእነሱ ዜሮ በእኛ ልኬት ከዜሮ በታች 18 መሆኑን የነገረኝ ሲነጋ ነው። በር ከፍቼ እንደወጣሁ የአፍንጫዬ ውስጥ ጸጉር ደርቆ እንደ እሾህ ወጋኝ። ዓይኔ አለቀሰ፣ እንባውም ሽፋሽፍቴ ላይ ቀረ። ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ፍንትው ያለ ነው! በረዶው ሲያንጸባርቅ ዓይን አያስገልጥም። እኩለ ቀን ላይ ጣሪያው ሁሉ ይንጠባጠባል፤ ማታ ያው ውኃ መልሶ ይረጋና ጠዋት እርጥብ አስፋልት መስሎ ሰው ይጥላል። እዚህ የቆዩት ደግሞ «ገና ምኑን አየሽ፣ በረዶ የሚበዛው በእነሱ ማርች ነው» ይሉኛል።

ማንም ያልነገረኝ ድርቀቱን ነው። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፣ ጠዋት ስነሳ አፍንጫዬ ይደማል፣ የበር እጀታ በነካሁ ቁጥር ኤሌክትሪክ ነዝሮኝ እዘላለሁ። አሁን በሩን የምከፍተው እጅጌዬን ስቤ ነው። ለእማዬ ግን ይህን እንዳታነቢላት፤ «ደም ፈሰሳት» ብላ ጠበል ልትሄድ ትነሳለች።

ዋጋውን ልንገርሽ፤ ብቻ በብር እንዳትመነዝሪው፣ እኔ መንዝሬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አውቶቡስ አንዴ 2.75 ዶላር ነው፣ ደግነቱ በዚያው ትኬት 3 ሰዓት ያስኬዳል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ከተማ መግቢያው ባቡር 10 ዶላር። አንድ ኩባያ ቡና፣ ያውም ያለ ጀበና፣ ያለ ዕጣን፣ ያለ ቁርስ፣ 5 ዶላር። ከሁሉ የገረመኝ ቬይል የሚባለው ተራራ ላይ በረዶ ለመንሸራተት የሚከፈለው ነው። ሰው በበዛበት ሰሞን የአንድ ቀኑ ከ300 ዶላር በላይ ነው፣ ለአንድ ሰው! ብርድ ውስጥ ለመውደቅ!

ወደዚያው አቅጣጫ የአክስታችን ልጅ በዕረፍት ቀኑ ወስዶኝ ነበር። መንገዱ ሽቅብ ሽቅብ ብሎ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ተራራውን ሰርስሮ ዋሻ ይገባል፤ እንደ ፈረንጆች በ1973 የተከፈተ ነው። ወዲያው የጣርማ በር ዋሻ ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ። ርዝመቱ ላይ አልዋሽሽም፣ የእነሱ 2.7 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የእኛን ያስከነዳዋል። ግን ዋሻውን ጨርሰሽ ስትወጪ ቆሎ የሚሸጥ ልጅ የለም፣ ጉም ለብሶ የቆመ በግ የለም፤ መኪና ብቻ፣ ጣሪያው ላይ መንሸራተቻውን ያሰረ መኪና። የደብረ ሲና መንገድ አሁን ሰላም ነው? የአዲስ አበባውስ? እማዬን ለሐኪም ቀጠሮ ስትወስዷት በጠዋት ተነሱ፣ አታምሹ፤ መንገዱ ከተወራበት ደግሞ ቀጠሮው ይቅር።

አሁን የተናደድኩበትን ስሚ። ከዴንቨር ጋር የተያያዘ ኦሮራ የሚባል ከተማ አለ፤ ሃቫና በሚሉት መንገድና በአካባቢው የሐበሻው ሱቅና ምግብ ቤት ብዙ ነው። አንዱ ሱቅ ገባሁ። እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ ተደርድሯል። የዛሬ ይሁን የትናንት ለማወቅ እንደ ልማዴ በጣቴ ጫን ባደርገው፣ ባለሱቋ «እህት፣ እዚህ አይነካም! ካልገዛሽ አስቀምጪው!» ብላ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸችብኝ። በዕድሜ ታላቅ እህቷ እሆናለሁ። «እንጀራ ሳይነካ ይገዛል እንዴ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፣ ዋጋውን መታች፤ አሥሩ 14 ዶላር። ከፍዬ ወጣሁ፣ ምን ላድርግ? ቤት ስፈታው የትናንት ነበር! ጤፉ አይዳሆ በሚባል ግዛት የሚበቅል ነው አሉ፤ ዓይኑ አይከፋም፣ ግን ስንዴ በዝቶበታል። ያመጣሁት በርበሬ ባይኖር ኖሮ ወጡም ወጥ አይባልም ነበር። እሱም እያለቀ ነው።

ፈረንጁ ባለጌ አይደለም፣ ግራ ነው የገባኝ። እዚህ ከተማ በረዶ ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤትሽ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ ግዴታሽ ነው። አካፋውን ይዤ የእኛን ጨረስኩና የጎረቤታችንን ሽማግሌም ደጅ ጠረግሁላቸው። መስኮታቸውን ከፍተው «ስንት ልክፈልሽ?» አሉኝ። ምንም ስላቸው መስኮቱን ዘጉ። ግቢ፣ ሞቅ በይ፣ የሚል የለም። እኔ የቸገረኝ ይኼ ነው እንጂ ብርዱ አይደለም። የአክስታችን ልጅ ሌሊት ይነዳል፣ ቀን ይተኛል። በእግሬ ጣት እየሄድኩ፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቼ ምስሉን አያለሁ። 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይጨልማል። እኔ እራት ስሠራ እናንተ ጋ ሊነጋጋ ነው፤ አሁን እማዬ ለኪዳን ተነሳች፣ አሁን ሚሚ ፊቷን ታጠበች እያልኩ ብቻዬን አወራለሁ።

ይህን ስል ግን ተጎሳቁላለች እንዳትሉ፤ ወፍሬያለሁ እንኳ። ጥምቀትንም አልቀረሁም። ከጃኬቱ ላይ ነጠላ ደርቤ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ላይ የተከመረውን የበረዶ ቦቲ ብታዪ! ጫማው ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ወለሉ ረጥቧል፤ ካልሲያችን ሾቆ ነው ቅዳሴውን ያስቀደስነው። እልልታው ግን ያው ነው። እናንተ ጋ ታቦቱ በሰላም ገባ?

ሌላም አለ። በጥር ወር የከብት ትርኢት አላቸው፣ እንደ ፈረንጆች ከ1906 ጀምሮ የሚደረግ። ሲከፈት ረጃጅም ቀንድ ያላቸውን ከብቶች በትላልቅ ፎቆች መሃል እየነዱ ያሳልፏቸዋል። ቀንዳቸውን ጋሼ ቢያዩት ደስ ባላቸው! ጥጃዋስ ጠነከረች? ደግሞ አክሱም የዴንቨር እህት ከተማ ናት፣ በስሟም መናፈሻ አለ፤ አዳማ ደግሞ የኦሮራ እህት ናት። በብርድ ልብሷ የታወቀችውን ደብረ ብርሃንን እንዴት እንደዘለሏት አላውቅም። ብርድ ከተባለ እህትነቱ ለእኛ ነበር የሚገባው።

ዕቃውን ይህን ደብዳቤ የያዘው ሰው ያስረክብሻል። ሰማያዊው ሹራብ የእማዬ ነው፤ «ለክት ይሁን» ብላ ሳጥን ውስጥ እንዳትቆልፈው፣ አሁን ትልበሰው። ቅባቱና ካልሲው ለሁላችሁ። 100 ዶላሩ ለመድኃኒቷ ብቻ ነው። ለአስተርእዮ ማርያም ዝክር ለብቻው በባንክ ልኬያለሁና በእመቤቴ፣ የመድኃኒቱን ብር ለጠላ ጌሾ እንዳታደርጉት፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የሚሚ ጫማ ቁጥር 33 ነው። ከመጣሁ ወዲህ እግሯ አድጎ ከሆነ ለእህታችን ልጅ ስጪውና አዲሱን ቁጥሯን ቶሎ ጻፊልኝ፤ ቅናሹ ሳያልፍ ልግዛላት።

እህትሽ