ወይን ጠጅ ምልክት ያለው ገመድ

በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ዳርቻ፣ አንዲት ዓሣ ነባሪ ሞታ ተገኘች። ተመራማሪዎች በቁጥር ነው የሚያውቋት፤ 5120 ይሏታል። ገና የ3 ዓመት ልጅ ነበረች። ጅራቷ ላይ የተጠመጠመው ገመድ ሥጋዋን በልቶ ገብቷል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገመዱ ላይ ያለው ወይን ጠጅ ምልክት የሜን ክፍለ ግዛት ሎብስተር (ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ) አጥማጆች እንዲጠቀሙበት ከታዘዙት ቀለም ጋር እንደሚመሳሰል ተነገረ።

ይህን ስሰማ ቢሮዬ ነበርኩ። መጀመሪያ የተሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር፦ ደስ አለኝ። «ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ። አጥማጆቹ «በእኛ ገመድ የሞተ አንድም ዓሣ ነባሪ የለም» ሲሉ ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ማስረጃ ይኸው እጄ ገባ። የሞተችው እንስሳ ትዝ ያለችኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ራት ስበላ ነው። እህሉ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

የተወለድኩት ባሕር በሌለው ደጋ አገር ነው። ባሕር ያየሁት በ26 ዓመቴ፣ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። አባቴ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ሰው አቤት ብሎ ሲመጣባቸው «ያኛውስ ምን ይላል?» ሳይሉ አንድ ቃል አይናገሩም። እኔ ሕግ ተምሬ ያንን ጥያቄ ረሳሁት።

የምንሟገትላት ዓሣ ነባሪ፣ የ5120 ዝርያ፣ ራይት ዌል ትባላለች፤ የሰሜን አትላንቲክ ነዋሪ ናት። የቀሩት ከ400 በታች ናቸው። ሎብስተር አጥማጁ ወጥመዱን ባሕር ወለል ላይ ያስቀምጥና እስከ ላይ ተንሳፋፊው ድረስ ገመድ ይዘረጋል፤ ዓሣ ነባሪዋ በዚያ ገመድ ትጠላለፋለች። መርከብም ይገጫታል። የሜን ባሕረ ሰላጤ እየሞቀ ሲሄድ ምግቧን ተከትላ ወደ ካናዳ ውኃ ገባች፤ እዚያ ጥበቃው አልተሰናዳም ነበርና በ2017 ብቻ፣ አብዛኞቹ በካናዳ ውኃ፣ 17 ሞተው ተገኙ።

በጁላይ 2022 ዋሽንግተን ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ መንግሥት ለሎብስተር አጥማጅነቱ የሰጠው ፈቃድ በ1973 የወጣውን ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎች ሕግ ይጥሳል ብሎ ወሰነ። እኔ በከሳሾቹ ወገን ነበርኩ። ረታን። በዚያ ሙግት ዘመን አንድ ሸምገል ያለ አጥማጅ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ «ጀልባዬን መጥተህ ታያለህ?» ብሎኝ ነበር። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለተያዘ አልችልም አልኩት። ሕጋዊ ምክንያት ነበረኝ፤ እውነተኛው ምክንያቴ ግን ንቀት ነበር።

ድላችን ስድስት ወር አልሞላም። የሜን ተመራጮች ፓርቲ ሳይለያቸው አብረው ቆሙ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም በዲሴምበር 2022 የበጀት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገባ። ነባሩ ደንብ እስከ 2028 መጨረሻ እንደበቂ ይቆጠር ተባለ። ያኔ ፖለቲከኞችን ረገምኩ። ከረታኋቸው ሰዎች አንድም ወዳጅ እንዳላተረፍኩ ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

በ2024 ጸደይ ወደዚያው አጥማጅ ሄድኩ። ፊት አልነሳኝም፤ ጎህ ሳይቀድ ጀልባው ላይ አወጣኝ። ስለ ገመድ አልባው ወጥመድ ጠየቅኩት። ከጀልባ በሚላክ ድምፅ የሚለቀቅ መሣሪያ ነው፤ እኔ ለዓመታት «መፍትሔው እጃችሁ ላይ ነው» እያልኩ የጻፍኩለት። አጥማጁ ዋጋውን አነሳ፣ ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቀኝ፦ ውኃ ላይ ተንሳፋፊ ከሌለ ሌላው ጀልባ የኔ ወጥመድ የት እንዳለ በምን ያውቃል? በላዩ ላይ የራሱን ቢጥልበትስ? መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቤቱ ወስዶ የገመድ ጥቅሎቹን አሳየኝ። ወይን ጠጁን ምልክት ክረምቱን ሙሉ ከልጁ ጋር በእጃቸው የሠሩት ነው። «የማርታስ ቪንያርዱን ዜና የሰማሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለኝ። «የኔ ገመድ ቢሆንስ?»

እኔ በደስታ የጮህኩበት ዕለት ነው።

ምልክቱ ባይኖር ገመዱ ከየት እንደመጣ ማንም ባላወቀ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ መንግሥት 5120ን የገደላት ለረጅም ጊዜ የቆየ መጠላለፍ እንደሆነ አረጋገጠ።

ክስ አልተውኩም፤ ሕጉን የጣሰ መሥሪያ ቤት ዛሬም ይከሰሳል። አሁን ግን አቤቱታ ከመጻፌ በፊት ለዚያ አጥማጅ እደውላለሁ። የገመድ አልባው ወጥመድ መገኛ በሁሉም ጀልባ ስክሪን ላይ እንዲታይ የሚለውን ጥያቄ በጽሑፌ ያስገባሁት ከእሱ ሰምቼ ነው።

ምክር ቤቱ የሰጠው ጊዜ 6 ዓመት ነው። ራይት ዌል ቀድሞ በየ3 ወይም 4 ዓመቱ ትወልድ ነበር፤ አሁን ከ7 እስከ 10 ዓመት ይፈጅባታል። መውለድ የሚችሉት እንስቶች 70 ገደማ ናቸው።